ስለ ባርነትና ስለ ነጻነት የሚናገሩ የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍሎችን የማጥናት ዘዴ

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው መጽሐፍ ቅዱስ ስለ ባርነትና ስለ ነጻነት የሚናገረውን ለብቻው ወይም ከጥቂት ሰዎች ጋር ሆኖ በቅደም ተከተል ለማጥናት ለሚፈልግ ክርስቲያን ነው። ጥናቱ በቡድን ከሆነ አምስት ጊዜ መገናኘት ይበቃል። የሚያስፈልገውም ሁለት የተለያዩ የአማርኛ ትርጉሞች (ለምሳሌ የ1954 ዓ.ም. እትምና አዲሱ መደበኛ ትርጉም)፣ አንድ ደብተር፣ እንዲሁም የማይመች ቁጥር ሲያጋጥም ገጹን ሳይገልጡ የመቆየት ትዕግሥት ነው።

ከሁሉ በፊት ስለ ቅደም ተከተሉ ልናገር። እኔ ይህን ርእስ መጀመሪያ ያስጠናሁት ከሮሜ ምዕራፍ 6 ጀምሬ ነበር። ስለ ኃጢአት ባርነት፣ ለጽድቅ ስለ መገዛትና ስለ ዘላለም ሕይወት ስጦታ አንድ ሰዓት ያህል ከተናገርሁ በኋላ አንዲት እናት እጃቸውን አንሥተው፣ «ልጄ፣ የኃጢአቱን ባርነት ሰማን፤ ጳውሎስ ምሳሌ ያደረገው ያ ባሪያ ራሱ ግን ማን ነበር? ምንስ ይደረግ ነበር?» ሲሉ ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ የማስጠናው በአንድ ሥርዓት ነው፦ አስቀድመን የሚሸጠውን፣ የሚደክመውንና የሚመታውን ሰው እናያለን፤ ምሳሌው ከዚያ በኋላ ይመጣል። የሚከተሉት ደረጃዎች የተደረደሩት በዚሁ ሐሳብ ስለሆነ፣ አንባቢው ጊዜ ቢያጥረው እንኳ ቅደም ተከተላቸውን ባያፈርስ ጥሩ ነው።

ደረጃ 1፦ ቃላቱን መለየት

በመጀመሪያ ዘጸአት 1፥13-14ን እና ዘጸአት 7፥16ን ጎን ለጎን ይጻፉ። በፊተኛው ክፍል ግብፃውያን እስራኤልን በመከራ እንደ ገዙአቸው ይነገራል፤ በኋለኛው ደግሞ ሙሴ ሕዝቡ በምድረ በዳ እግዚአብሔርን ያገለግል ዘንድ እንዲለቀቅ ለፈርዖን ይናገራል። በዕብራይስጡ ሁለቱም ክፍሎች የሚጠቀሙት አንድ ሥር ነው፤ «ዔቬድ» የሚለው ስምም በገንዘብ የተገዛውን ባሪያ፣ የንጉሥን ሹም፣ እግዚአብሔርን የሚያመልክን ሰው ሁሉ ይጠራል። እንግዲህ የዘጸአት መጽሐፍ ጥያቄ ሰው ይገዛ ወይስ አይገዛ የሚል ሳይሆን ለማን ይገዛ የሚል ነው። አማርኛችንም ይህን ነገር ሳያስበው ይዞታል፤ «ገዛ» ስንል በገንዘብ የራሱ አደረገ ማለታችንም ነው፣ አስተዳደረ ማለታችንም ነው፤ ለእግዚአብሔር ተገዙ ስንል ደግሞ አምልኩ ማለታችን ነው። በግእዙም ስማቸው ገብረ ወይም አመተ ተብሎ የሚጀምር ሰዎች በቀጥታ የእገሌ ባሪያ ተብለው መጠራታቸው ነው።

ቀጥሎ በመዝሙር 116፥16 (በሌላው አቈጣጠር መዝሙር 115) ላይ ጥቂት ይቆዩ። ዘማሪው በአንድ ትንፋሽ «እኔ ባሪያህ ነኝ» ይላል፣ ሰንሰለቴን ሰበርህልኝ ብሎም ያመሰግናል። ድንግል ማርያም በሉቃስ 1፥38 «እነሆኝ የጌታ ባሪያ» ያለችው በዚሁ ቋንቋ ነው። የግሪኩ «ዱሎስ» ግን የለዘበ ቃል አይደለም፤ በዘመኑ ሰሚ ጆሮ የሌላ ሰው ንብረት የሆነ ሰው ማለት ነበር። ስለዚህ ሁለቱ ትርጉሞችዎ አንዱ «ባሪያ»፣ ሌላው «አገልጋይ» ያሉበትን ቦታ ሁሉ በደብተርዎ ምልክት ያድርጉበት፤ በኋላ ይጠቅማል።

በዚህ ደረጃ የሚመዘገቡ ሌሎች ቃላት «ቤዛ»፣ «ዋጀ» እና «ተቤዠ» ናቸው። እነዚህን ቃላት በጸሎትና በዝማሬ ስለለመድናቸው ከየት እንደ መጡ እንረሳለን። ዘሌዋውያን 25፥47-49 ከድህነት የተነሣ ራሱን የሸጠውን ሰው ወንድሙ፣ አጎቱ ወይም ከዘመዶቹ አንዱ ሊቤዠው እንደሚችል ይደነግጋል። ጌታ በማርቆስ 10፥45 ነፍሱን «ለብዙዎች ቤዛ» እንደሚሰጥ ሲናገር፣ የግሪኩ ቃል ባሪያን ወይም ምርኮኛን ለማስለቀቅ የሚከፈል ዋጋ ነው። የደኅንነት ቋንቋችን አንዱ ክፍል የተቀዳው ከባሪያ ገበያና ከዕዳ ቤት ነው ማለት ነው።

ደረጃ 2፦ ሰው እንዴት ባሪያ ይሆን እንደ ነበር መመዝገብ

ይህ ደረጃ አጭር ነው። የሚከተሉትን ክፍሎች አንብበው፣ በእያንዳንዱ ሰውዬው ወይም ሴትዮዋ በምን መንገድ ባሪያ እንደ ሆኑ፣ የመውጫ ጊዜ ተቀምጦላቸው እንደ ሆነ፣ ጌታው ምን ማድረግ ይፈቀድለት እንደ ነበር ይጻፉ፦ 2ኛ ነገሥት 4፥1 (ባልዋ ዕዳ ትቶ የሞተባት መበለት ልጆች)፣ ዘፍጥረት 37፥28 (ዮሴፍ በ20 ብር)፣ ዘዳግም 21፥10-14 (በጦርነት የተማረከች ሴት)፣ ዘጸአት 21፥4 (በባርነት ቤት የተወለዱ ልጆች)። አጋር በዘፍጥረት 16 እና 21 የምትገኝበትን ታሪክ ግን ለብቻው ያንብቡት። ባለቤቶቿ በታሪኩ ውስጥ ባሪያይቱ ይሏታል እንጂ በስሟ አይጠሯትም፤ በስሟ የሚጠራት የእግዚአብሔር መልአክ ነው፣ እርስዋም ለእግዚአብሔር ስም ታወጣለታለች።

ደረጃ 3፦ ሦስቱን የሕግ ክፍሎች ጎን ለጎን ማንበብ

ዘጸአት 21፥2-11፣ ዘሌዋውያን 25፥39-55 እና ዘዳግም 15፥12-18 በአንድ ሰሌዳ ላይ በሦስት ዓምድ ይቀመጡ። ቡድን ከሆነ ሰዎቹን በሦስት ከፍሎ ለየቡድኑ አንድ ክፍል መስጠትና በኋላ ማወዳደር ከሁሉ የተሻለ ውጤት ይሰጣል፤ ምክንያቱም ልዩነቱን በራሳቸው ሲያገኙት ከአስተማሪው ከሚሰሙት ይልቅ ይይዙታል።

በዘጸአቱ ሕግ ዕብራዊ ባሪያ ስድስት ዓመት አገልግሎ በሰባተኛው በነጻ ይወጣል፤ ነገር ግን ሚስቱን የሰጠው ጌታው ከሆነ ሚስቱና ልጆቹ ይቀራሉ፣ እነርሱን ወድዶ አልወጣም ያለም ጆሮው በወስፌ ተበስቶ ለዘላለም ያገለግላል። ለባርነት የተሸጠች ሴት ልጅ ደግሞ እንደ ወንዶቹ አትወጣም። ወደ ዘዳግም ሲያልፉ «ዕብራዊ ወይም ዕብራዊት» የሚለውን ቃል ያገኛሉ፤ ሴቲቱም በሰባተኛው ዓመት ትወጣለች። ከዚህ በላይ ጌታው የሚወጣውን ሰው ባዶ እጁን እንዳይሰድደው ታዝዟል፤ ከመንጋው፣ ከአውድማውና ከወይን መጭመቂያው ይሰጠዋል። ይህ ትእዛዝ ተራ ቸርነት አይደለም። በዕዳ ባሪያ የሆነ ሰው መነሻ ሳይኖረው ቢለቀቅ በሚቀጥለው ዓመት ተመልሶ ራሱን ይሸጣልና፣ ሕጉ ነጻነትን ከመተዳደሪያ አልለየውም። የትእዛዙም ምክንያት ወዲያው ይከተላል፦ አንተም በግብፅ ባሪያ እንደ ነበርህ አስብ። በዘሌዋውያን ደግሞ ራሱን የሸጠው ወንድም እንደ ተቀጣሪ እንጂ እንደ ባሪያ እንዳይገዛ፣ በ50ኛው ዓመት፣ በኢዮቤልዩ፣ ከልጆቹ ጋር ወደ ርስቱ እንዲመለስ ይደነገጋል።

በዚሁ ጊዜ የሰንበትን ትእዛዝ በሁለቱም ቦታ ይመልከቱ። በዘጸአት 20 የሰንበት ምክንያት ፍጥረት ነው፤ በዘዳግም 5፥14-15 ግን ምክንያቱ የግብፅ ባርነት ነው፣ ዓላማውም ወንድ ባሪያህና ሴት ባሪያህ እንደ አንተ ያርፉ ዘንድ የሚል ነው። «እንደ አንተ» የሚለውን ያስምሩበት።

የዘመኑን ሚዛን ለማወቅ የባቢሎኑን የሐሙራቢ ሕግ ማነጻጸር ጠቃሚ ነው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ18ኛው መቶ ዘመን የተጻፈ ነው። በአንድ ነገር ሐሙራቢ ይሻላል፤ በዕዳ የተሰጠ ሰው ሦስት ዓመት ሠርቶ በአራተኛው ይለቀቃል። በሌላ ነገር ግን ልዩነቱ ተቃራኒ ነው፤ የኰበለለን ባሪያ በቤቱ የደበቀ ሰው በሐሙራቢ ሕግ ይገደላል፣ ዘዳግም 23፥15-16 ግን ኰብልሎ የመጣውን ባሪያ ለጌታው አሳልፈህ አትስጠው፣ ደስ ባለው ስፍራ ከአንተ ጋር ይቀመጥ ይላል። ባርነትን ጠብቆ የሚያኖረው ኰብላይን የመመለስ ሥርዓት ስለሆነ፣ ይህ አጭር ሕግ በሥራ ቢውል ሥርዓቱን ከሥሩ የሚነቀንቅ ነው። ሰውን ሰርቆ የሸጠም ይገደል የሚለውን ዘጸአት 21፥16ን እዚሁ ይጨምሩ።

ደረጃ 4፦ በአስቸጋሪዎቹ ቁጥሮች ላይ መቆም

አብዛኛው ጥናት የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ዘጸአት 21፥20-21 ባሪያውን በበትር መትቶ የገደለ ጌታ እንደሚቀጣ ካለ በኋላ፣ ባሪያው አንድ ወይም ሁለት ቀን ከቆየ ግን «ገንዘቡ ነውና» አይቀጣም ይላል። ዘሌዋውያን 25፥44-46 ደግሞ ከአሕዛብ የተገዙ ባሪያዎች ለልጆች ውርስ እንደሚሆኑ ይናገራል፤ ለእነርሱ ሰባተኛ ዓመት አልተጠቀሰም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ቁጥሩ የሚለውን ያለ ምንም መከላከያ በራስዎ ቃል ይጻፉ። ሁለተኛ፣ በአካባቢው ያለውን ገደብ ይጻፉ፤ ለምሳሌ ከዘጸአቱ ክፍል ቀጥሎ በቁጥር 26-27 የባሪያውን ዓይን ያጠፋ ወይም ጥርሱን ያወለቀ ጌታ አርነት ሊያወጣው ይገባል፤ ሕጉ ባሪያውን ገንዘብ ካለው በኋላ ወዲያው ጥርሱ የሰው ጥርስ መሆኑን ያስታውሳል። ሦስተኛ፣ በሁለቱ መካከል ያለውን ግጭት በአንድ ዓረፍተ ነገር ይግለጹ፤ አያስታርቁት። «የዚያ ዘመን ባርነት እኮ እንደ ቅጥር ሥራ ነበር» የሚለው የተለመደ መልስ ስለ ዕብራዊው ባለዕዳ ከፊል እውነት ሊኖረው ይችላል፤ በልጆች ስለሚወረሰው የባዕድ አገር ሰው ግን እውነት አይደለም፣ እኔም በቡድን ውስጥ ሲነገር ዝም ብዬ አላልፈውም።

ከዚያ በኋላ ወደ ማቴዎስ 19፥8 መሄድ ይቻላል። ጌታ ስለ ፍቺ ሲጠየቅ ሙሴ የፈቀደው ስለ ልባቸው ጥንካሬ እንደ ሆነና ከጥንት እንዲህ እንዳልነበረ መለሰ፤ ይህም በሕጉ ውስጥ የፈጣሪ ፈቃድ ያልሆነ ነገር ሊፈቀድ እንደሚችል ያሳያል። ጌታ ይህን የተናገረው ስለ ፍቺ ነው፤ ወደ ባርነት የምናሻግረው እኛ ነን፣ ይህንንም ለቡድኑ በግልጽ መናገር ተገቢ ነው። ማሻገሩ ግን መሠረት የሌለው አይደለም፤ ኢዮብ 31፥13-15 ከባሪያው ጋር ስለ ነበረው ሙግት ሲናገር እኔን በማኅፀን የፈጠረ እርሱንስ የፈጠረ አይደለምን ብሎ ራሱ ወደ ፍጥረት ተመልሷል።

ጥቁሮችን ባሪያ ማድረግ ተገቢ ነው ለማለት ሲጠቀስ የኖረው «የካም እርግማን» የሚባለው ነገር በዚህ ሰዓት መነሣቱ አይቀርም። ዘፍጥረት 9፥25ን ጮክ ብሎ ማንበብ ብቻ ይበቃል፤ የተረገመው ካም ሳይሆን ከነዓን ነው፣ የረገመውም እግዚአብሔር ሳይሆን ከወይን ጠጁ ስካር የነቃው ኖኅ ነው፣ ስለ ቆዳ ቀለምም አንድ ቃል አልተጻፈም።

ደረጃ 5፦ ሕጉ ተፈጽሞ እንደ ነበር ነቢያትን መጠየቅ

ኤርምያስ 34፥8-22 ለዚህ ይበቃል። ኢየሩሳሌም በባቢሎን ጦር በተከበበች ጊዜ ንጉሥ ሴዴቅያስና መኳንንቱ ባሪያዎቻቸውን አርነት ለማውጣት ቃል ኪዳን ገቡ፤ ጦሩ ለጥቂት ጊዜ ሲርቅ ግን ተጸጽተው መልሰው ገዙአቸው። በፍርሃት የተሰጠ ነጻነት ፍርሃቱ ሲያልፍ ተወሰደ። እግዚአብሔርም በቁጥር 17 ለወንድሞቻችሁ አርነት ስላላወጃችሁ እኔ ለሰይፍ፣ ለቸነፈርና ለራብ አርነት አውጅባችኋለሁ አለ። በዕብራይስጡ እዚህ ያለው ቃል «ደሮር» ነው፤ በዘሌዋውያን 25፥10 የኢዮቤልዩ አዋጅ፣ በኢሳይያስ 61፥1 ለምርኮኞች የሚሰበከው ነጻነት ያው ቃል ነው። ስለዚህ ጌታ በናዝሬት ምኵራብ የኢሳይያስን መጽሐፍ ሲያነብ (ሉቃስ 4፥18-19) ሰሚዎቹ የሰሙት ረቂቅ ተስፋ ብቻ አልነበረም፤ የዕዳ ስረዛና ወደ ርስት የመመለስ ትዝታ ያለበት ቃል ነበር።

ደረጃ 6፦ የሮምን ዘመን አውቆ መልእክቶቹን መክፈት

የሮም ባርነት በቆዳ ቀለም ላይ የተመሠረተ አልነበረም፤ ምንጩ ጦርነት፣ ንግድ፣ ከባሪያ እናት መወለድና የተጣሉ ሕፃናት ነበሩ። ባሪያ ሕጋዊ ጋብቻ አልነበረውም፤ በፍርድ ቤት ምስክርነቱ የሚቀበለው በግርፋትና በሥቃይ ነበር፤ መስቀልም በተለይ ለባሪያዎች የሚገባ ቅጣት ተብሎ ይታወቅ ነበር። ይህን ይዘው ፊልጵስዩስ 2፥7-8ን ሲያነቡ «የባሪያን መልክ ይዞ» እና «በመስቀል ሞት» የሚሉት ሁለት ሐረጎች ለምን እንደ ተከታተሉ ይገባዎታል።

ከዚያ ኤፌሶን 6፥5-9ን፣ ቆላስይስ 3፥22 እስከ 4፥1ን እና 1ኛ ጴጥሮስ 2፥18-25ን ያንብቡ። ባሪያዎች ለጌቶቻቸው እንዲታዘዙ የሚናገሩ ናቸው፤ ይህን አለመሸሸግ ነው። ከዚያ ቀጥሎ ጳውሎስ ባሪያዎቹን በቀጥታ እንደሚያነጋግራቸው፣ ጌቶቹንም «እናንተ ደግሞ» እያለ በሰማይ ጌታ ፊት በአንድ ወንበር እንደሚያስቀምጣቸው፣ ጴጥሮስም ያለ በደል የሚመታውን ባሪያ ከክርስቶስ ጎን እንደሚያቆመው ያስተውሉ። 1ኛ ቆሮንቶስ 7፥21 ደግሞ በግሪኩ የተደራጊው ስም ስለ ጎደለ፣ «ይልቁን ተጠቀምበት» የሚለው ነጻነቱን ነው ወይስ ባርነቱን በሚለው ተርጓሚዎች ተከራክረዋል፤ ሁለቱ ትርጉሞችዎ የመረጡትን ያወዳድሩ። በመጨረሻም 1ኛ ጢሞቴዎስ 1፥10 ሰው ሻጮችን ከነፍሰ ገዳዮች ጋር እንደሚቈጥር፣ ራእይ 18፥13 የባቢሎንን ሸቀጥ ከወርቅ ጀምሮ ዘርዝሮ በሰዎች ነፍስ እንደሚጨርስ ይመዝግቡ።

ደረጃ 7፦ አሁን ወደ ምሳሌው

ሮሜ 6፥15-23፣ ዮሐንስ 8፥31-36 እና ገላትያ 5፥1-13 በዚህ ጊዜ ሌላ ድምፅ ይኖራቸዋል። በዮሐንስ ወንጌል ሰሚዎቹ «ለአንድም ስንኳ ከቶ ባሪያዎች አልሆንም» ብለው ሲመልሱ፣ ግብፅን ረስተው በሮም አገዛዝ ሥር ቆመው መሆኑን ቡድኑ ራሱ ይስቅበታል። በገላትያ 5፥13 ግን በነጻነት የተጠሩት ሰዎች በፍቅር አንዱ ለሌላው ባሪያ እንዲሆን ታዝዘዋል፤ የደረጃ 1 ጥያቄ፣ ለማን እንገዛ የሚለው፣ እዚህ መልሱን ያገኛል። እዚህ ብዙ መናገር አያስፈልግም፤ የፊተኞቹ ደረጃዎች ሥራውን ሠርተዋል።

ደረጃ 8፦ ቃሉ እንዴት እንደ ተነበበ ማየት

ለዚህ ግማሽ ሰዓት ይስጡ። ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ በ4ኛው መቶ ዘመን መክብብ 2፥7ን ሲተረጕም፣ በእግዚአብሔር መልክ ለተፈጠረ ሰው ዋጋ ሊተምን የሚችል ማን ነው እያለ ባሪያ መያዝን ራሱን ነቀፈ። ከእርሱ ጥቂት ቆይቶ የተነሣው አውግስጢኖስ ባርነት የኃጢአት ውጤት እንጂ የፍጥረት ሥርዓት አይደለም ቢልም ሥርዓቱ ይፍረስ አላለም። እ.ኤ.አ. በ1807 የብሪታንያ ፓርላማ የባሪያ ንግድን በከለከለበት በዚያው ዓመት፣ ለንደን ውስጥ ለካሪቢያን ባሪያዎች ተመርጦ የታተመ መጽሐፍ ቅዱስ ነበር፤ የዘጸአትን የነጻነት ታሪክና «ባሪያ ወይም ጨዋ ሰው የለም» የሚለውን ገላትያ 3፥28ን ሰርዞ ለጌቶች ታዘዙ የሚለውን ግን ሳይነካ ጠብቋል። የትኛው ቁጥር አደገኛ እንደ ሆነ አሳታሚዎቹ ከብዙ ሰባክያን ይልቅ በደንብ ያውቁ ነበር። ዛሬም ጉዳዩ አላለፈም፤ የዓለም የሥራ ድርጅትና አጋሮቹ እ.ኤ.አ. ለ2021 ባወጡት ግምት 50 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በግዳጅ ሥራ ወይም በግዳጅ ጋብቻ ውስጥ ነበሩ።

ደረጃ 9፦ የፊልሞና መልእክት

የመጨረሻውን ስብሰባ ለዚህች 25 ቁጥር ላላት ደብዳቤ ያድርጉት። አንድ ሰው ጳውሎስን ሆኖ ሙሉውን ያንብብ፤ አንዱ ፊልሞናን ሆኖ ፊት ለፊቱ ይቀመጥ፤ ሌላው ጳውሎስ ወደ ጌታው ወደ ፊልሞና የመለሰውን ባሪያ አናሲሞስን ሆኖ አንድም ቃል ሳይናገር በር አጠገብ ይቁም። የአናሲሞስ ስም «ጠቃሚ» ማለት ስለሆነ በቁጥር 11 ያለው ጨዋታ እንዳያመልጥ አስቀድመው ይንገሯቸው። ከንባቡ በኋላ መጀመሪያ የሚጠየቀው በር ላይ የቆመው ሰው ነው፤ ስለ እርሱ ሲነገር ቆሞ መስማት እንዴት እንደ ነበር ይናገር። ከዚያ በቁጥር 16 «ከእንግዲህ ወዲህ እንደ ባሪያ አይሆንም» የሚለው አርነት አውጣው ማለት ነው ወይስ አይደለም በሚለው ይወያዩ፤ ደብዳቤው ቃሉን በግልጽ አይናገርም። ጳውሎስ ዕዳ ካለበት በእኔ ላይ ቍጠረው ብሎ በገዛ እጁ መጻፉን (ቁጥር 18-19)፣ ወዲያውም የማድርበትን ቤት አዘጋጅልኝ ማለቱን (ቁጥር 22) አያልፉት፤ መጥቶ ሊያይ ነውና።

ተሳታፊዎቹ ለቤት ሥራ ፊልሞና ለጳውሎስ የሚጽፈውን መልስ ከአንድ ገጽ ሳይበልጥ ይጻፉ። በመልሱ ውስጥ አናሲሞስ በዚያ ማታ የት እንደሚተኛና ከማን ጋር እንደሚበላ መጻፍ ግዴታ ነው።